ቁልፍ፣ ቀዳዳና መኪና፦ ከአሊዩ አምባ ገበያ እስከ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ

በአማርኛችን «ቁልፍ» የሚለው ቃል ሸክሙ የበዛ ነው። የሳጥኑ መዝጊያ ቁልፍ ነው፤ መክፈቻውም ቁልፍ ነው፤ ሸሚዛችንን ከደረታችን ላይ የሚያጋጥመው ክብ ነገርም ቁልፍ ነው። ቀዳዳውም እንዲሁ ነው። «የቁልፍ ቀዳዳ» ስንል የበሩን ይሁን የልብሱን የሚለየው ከፊትና ከኋላ ያለው ንግግር ብቻ ነው። ለልብሱ ሌላ ስም የሚሻ ሰው «አዝራር» ይላል። ይህ ግን ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ በዐረብኛ አንዱ «ዚር»፣ ሲበዛ «አዝራር» ይባላል። ቃል እንደ ሲራራ ነጋዴ ነው፤ ዕቃ ተከትሎ ይመጣል። አዝራር የሚለው ስም ባሕር ተሻግሮ መምጣቱ ስለ ዕቃውም አመጣጥ አንድ ነገር ሹክ ይለናል።

የስፌት ግሦቻችን ግን የራሳችን ናቸው። ሰፋ፣ ጠቀመ፣ ጣፈ፣ ዘመዘመ፣ ጠለፈ እንላለን። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የእጅ አካሄድ አላቸው። የሰፋ ሁለቱን ጨርቅ አገናኘ፤ የጠቀመ የተቀደደውን መለሰ፤ የጣፈ በቀዳዳው ላይ ሌላ ጨርቅ ደረበ፤ የዘመዘመ ጠርዙ እንዳይተረተር አሰረ፤ የጠለፈ ደግሞ በክር አስጌጠ። የስፌት መኪና ወደ አገራችን ስትገባ ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያውን በአንድ ጊዜ ከሰው እጅ ወሰደች። ሌሎቹን የወሰደችው ቀስ በቀስ ነው። ከሁሉም የዘገየው የቁልፍ ቀዳዳ ነበር፤ ምክንያቱም መቅደድን፣ መዘምዘምንና መጥለፍን ከጥፍር በማይሰፋ ቦታ ላይ በአንድነት ይጠይቃል።

ይህች ትንሽ ቀዳዳ የታሪክ ርእስ ልትሆን አትችልም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሆኖም አንድ መሣሪያ ወደ አንድ አገር ሲገባ የትኛውን ሥራ እንደወሰደ ብቻ ሳይሆን የትኛውን እንደተወ፣ የተተወውንም ማን እንደሠራው ካልተጠየቀ ታሪኩ ጎደሎ ነው። እስቲ ወደ ኋላ መለስ እንበልና መኪናዋ ገና ካልተፈለሰፈችበት ዘመን፣ ከይፋት ቆላ ገበያ እንጀምር።

የዓርብ ገበያ

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አንኮበር የደረሰ መንገደኛ የደጋው አፋፍ ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል። ብርዱ እየቀረ፣ ገብሱ ለማሽላና ለጥጥ ቦታውን እየለቀቀ ሲሄድ አሊዩ አምባ ይገኛል። ከአሊዩ አምባ ወዲያ ፈሬ፣ ከፈሬ ወዲያ የአፋር ሜዳ ነው። ደጋና ቆላ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ አማራ፣ አርጎባና አፋር የሚገናኙበት በር ነው ማለት ይቻላል።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ይህ በር የሸዋ መተንፈሻ ነበር። ከታጁራ የባሕር ዳርቻ የተነሣ የግመል ጭነት የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚደርሰው እዚህ ነው። ግመል ደጋውን ስለማይወጣው ጭነቱ ወደ በቅሎና ወደ አህያ ይዛወራል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን መልእክት ይዞ የመጣው ካፒቴን ሐሪስ በዚሁ በር ገብቷል። ቻርልስ ጆንስተን የተባለው ሐኪምም በ1842 በአሊዩ አምባ ቤት ይዞ ተቀምጧል። ሁለቱም መጽሐፎቻቸውን በ1844 ለንደን ላይ አሳተሙ፤ ስለ አሊዩ አምባ የዓርብ ገበያ ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከእነርሱ የተገኘ ነው። አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጥጥ፣ እህል፣ ቅቤ፣ በቅሎ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ መዳብና ዶቃ፣ ባለቀለም ጨርቅ በአንድ ሜዳ ይሸጣል፤ ማርትሬዛ ብር ይመነዘራል። የሐረር ነጋዴዎች እዚያው ቤት ሠርተው የሚኖሩባት ከተማ ነበረች።

ይህን ገበያ ስናደንቅ አንድ ነገር መዝለል አይገባም። ከአሊዩ አምባ አጠገብ ባለችው አብዱል ረሱል የሚሸጠው ሰው ነበር። ጨርቅና መዳብ ይዞ የወጣው ሲራራ ሲመለስ ባሪያ ይነዳ ነበር። ስለ አሮጌ የንግድ መንገዶች በናፍቆት የሚጻፍ ጽሑፍ ይህን ካላነሳ ታሪክ ሳይሆን ተረት ይሆናል።

ወደ ልብሱ ስንመለስ፣ ይፋት ከጥንት ጀምሮ የጥጥ አገር ነው። ሴቶች በእንዝርት ይፈትላሉ፤ አርጎቦች በሽመና ሥራ የታወቁ ናቸው። ታዲያ ከሸማኔው እጅ የወጣ ልብስ ከሞላ ጎደል ያለቀ ልብስ ነበር። ኩታው፣ ጋቢው፣ ቡልኮው ሰውነት ላይ ይጣፋል ወይም ይደረባል እንጂ እንደ ሰውየው ቁመናና ትከሻ አይቆረጥም። መርፌ የሚያስፈልገው ሁለቱን ቁራጭ ጎን ለጎን ለማያያዝና ያረጀውን ለመጥቀም ነው። ሱሪውና እጀ ጠባቡ ቢሰፋም አንገቱና ወገቡ የሚያዘው በክር ማሰሪያና በቋጠሮ ነበር። በእንዲህ ያለ አለባበስ ውስጥ ቁልፍ ጌጥ ነው፤ ቀዳዳውም ብዙ ፈላጊ የለውም።

ሣህለ ሥላሴ የባሕር ማዶን ጥበብ አጥብቀው የሚሹ ንጉሥ ነበሩ። ለእንግሊዞች በጻፉት ደብዳቤ ጥበብ ገና ወደ አገራቸው አለመግባቱን ገልጸው እርዳታ ጠይቀዋል፤ አስቀድመው የጠየቁት ግን ጠመንጃና መድፍ ነበር፤ ከሐሪስም ጋር ጠመንጃው መጣላቸው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1841 ከእንግሊዝ ጋር፣ በ1843 ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። በ1847 ዐረፉ። ከማረፋቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 1846፣ ኤልያስ ሃው የተባለ አሜሪካዊ መካኒክ ለአንዲት ሌላ ዓይነት መሣሪያ የፈጠራ መብት ተቀብሎ ነበር። ይህች መሣሪያ ጥይት አትተኩስም፤ ይሁን እንጂ በኋላ ከጠመንጃው ባልተናነሰ ሁኔታ በየመንደሩ ገባች።

የማሳቹሴትስ ሁለት ዕቃዎች

አቡጀዲን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ይህ ያልተነከረ ጠንካራ የጥጥ ጨርቅ በ19ኛው መቶ ዓመት በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ገበያዎች ገንኖ የነበረው የአሜሪካ ሥሪት ሲሆን፣ ምንጩም በአብዛኛው የማሳቹሴትስ ግዛት የሽመና ፋብሪካዎች ነበሩ። ከሴለም ወደብ የተነሡ መርከቦች ጨርቁን እስከ ዛንዚባር ያደርሱት ነበር። በኋላ በ20ኛው መቶ ዓመት የጃፓን ጨርቅ እስኪያሸንፈው ድረስ የአሜሪካው አቡጀዲ በአገራችን ገበያ ላይ ተወዳዳሪ አልነበረውም።

የስፌት መኪናም የዚያው ግዛት ልጅ ናት ቢባል ስሕተት አይሆንም። ሃው የማሳቹሴትስ ሰው ነበር፤ ይስሐቅ ሲንጀርም የመጀመሪያዋን መኪናውን የሠራው ቦስተን ከተማ ውስጥ ነው። በፋብሪካ የተሸመነ ጨርቅ ሲትረፈረፍ ሰፊው እጅ አጠረ። መኪናዋ የተፈለገችው ለዚህ ነው።

ከእነርሱ በፊት የሞከረ አልጠፋም። በፈረንሳይ ባርተሌሚ ቲሞኒዬ የተባለ ልብስ ሰፊ እ.ኤ.አ. በ1830 የፈጠራ መብት ተቀብሎ፣ ፓሪስ ውስጥ 80 ያህል መኪናዎች ተክሎ የወታደር ልብስ ማሰፋት ጀምሮ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የከተማይቱ ልብስ ሰፊዎች እንጀራችንን ሊያሳጣን ነው ብለው ገብተው ሰባበሩበት። ቲሞኒዬ በ1857 በድህነት ሞተ። የስፌት መኪና ታሪክ ከመነሻው የእንጀራ ጥያቄ እንደነበር ይህ ያስረዳል።

የሃው ብልሃት በመርፌዋ ላይ ነው። የእጅ መርፌ ቀዳዳዋ ከኋላዋ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ጨርቁን አልፋ መመለስ አለባት። ሃው ቀዳዳውን ወደ ጫፏ አመጣው። መርፌዋ ክሩን ይዛ ጥቂት ገባ ብላ ትመለሳለች፤ ከሥር ያለው ሁለተኛ ክር በዚያች ቅጽበት በተፈጠረው የክር ቀለበት ውስጥ ያልፋል፤ ሁለቱ ክሮች በጨርቁ መካከል ይተሳሰራሉ። ሃው እ.ኤ.አ. በ1845 ከአምስት ሴት ሰፊዎች ጋር ተወዳድሮ ብቻውን ቀደማቸው። ሲንጀር ደግሞ በነሐሴ 1851 የፈጠራ መብት የተቀበለባት መኪና መርፌዋ ሽቅብ ቁልቁል የምትሄድ፣ ጨርቁን ተጭኖ የሚይዝ እግር ያላት ነበረች። በእግር መርገጫም ትሠራ ስለነበር የሰፊው ሁለት እጆች ጨርቁን ለመምራት ነጻ ሆኑ። ከዚህም በላይ የኩባንያው ሸሪክ ኤድዋርድ ክላርክ በ1856 መኪናዋ በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ እንድትሸጥ አደረገ። ባለጸጋ ብቻ ይገዛት የነበረችው መኪና ከዚያ በኋላ ወደ ተራ ሰው ቤት ገባች።

መኪናን አጥብቆ ይጠራጠር የነበረው የሕንዱ ማኅተማ ጋንዲ እንኳ የሲንጀርን የስፌት መኪና ከወቀሳው ነጻ አድርጓታል። ከተፈለሰፉት ጥቂት ጠቃሚ ነገሮች አንዷ አድርጎ ይቆጥራት ነበር። በእንዝርት የተፈተለ ክር የሚያምን ሰው ይህን ማለቱ ለይፋት ፈታዮችም የሚገርም አይመስለኝም። መኪናዋ ፈትሉንም ሽመናውንም አልነካችባቸውም ነበርና።

መኪና ግርግር

መኪናዋ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መድረስ ስትጀምር የአሊዩ አምባ ዘመን እያዘቀዘቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1887 ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ነጋዴ ሆኖ፣ ጠመንጃ ጭኖ፣ ከታጁራ በአፋር በረሃ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክን አላገኛቸውም፤ ከሐረር ዘመቻ ገና አልተመለሱም ነበር። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና ጥቂት ወራት ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ወር ሐረር በምኒልክ እጅ ገብታለች። የንጉሡ መቀመጫም የንግዱም ዋና መንገድ አንኮበርንና የይፋትን በር ትቶ ሄደ። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ነገሩ ተፈጸመ። በኋላም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የደሴ መኪና መንገድ በጣርማበር ወርዶ በሸዋ ሮቢት በኩል ሲያልፍ አሊዩ አምባ ከዋናው መስመር ውጭ ቀረች። ሮቢት አደገች፤ የጥንቷ የሲራራ ከተማ የአካባቢ ገበያ ሆና ቀጠለች።

ስለዚህ የይፋት ሰው የስፌት መኪናን ያገኘው እንደ አያቶቹ በራሱ በር ከባሕር በመጣ ጭነት አይደለም። ዋናው የባሕር ማዶ ዕቃ መግቢያ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ሆኖ ነበር። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ቀድሞ ዕቃው ወደ ደጋው የሚወጣው ከእነርሱ እጅ ነበር፤ አሁን ከደጋው ወደ እነርሱ የሚወርድ ሆነ።

መኪናዋ በከተማ ስትገባ ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበራት ለማወቅ የሐረርን ጀጎል መጎብኘት ይበቃል። በግንቡ ውስጥ «መኪና ግርግር» የሚባል ጠባብ መንገድ አለ። መኪና የተባለው ተሽከርካሪው አይደለም። ግራና ቀኝ ተደርድረው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች መርገጫ የሚወጣው ድምፅ ነው ለሰፈሩ ስም ያወጣለት። «መኪና» ማለት በቅድሚያ የስፌት መኪና የሆነበት ዘመን እንደነበር ይህ ስም ምስክር ነው።

በአዲስ አበባም በመጀመሪያ ሙያውን ይዘው የመጡት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ የየመን ዐረቦች። ከእነርሱ ዘንድ የተለማመደው ወጣት ኋላ የራሱን መኪና ገዝቶ በሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ይህ በእኛ አገር የተለየ ትርጉም ነበረው። የእጅ ሙያ ያለው ሰው ይናቅ ነበር። ሸማኔው በሽመናው፣ ቀጥቃጩ በብረቱ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያዎችን በሥራቸው የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ለዚህ ነው። የስፌት መኪና ግን የስድብ ውርስ አልነበራትም። አዲስ ነበረች፤ የውጭ አገር ነበረች፤ ብረቷ ያንጸባርቃል፤ የወርቅ ቀለም ጽሑፍ አለባት። በዚህም ምክንያት ባለ መኪናው ከሸማኔው ይልቅ በገበያ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሁለቱም ሰውን ያለብሳሉ፤ የተለያዩት በመሣሪያቸው ነው።

በቤቱ አሮጌ ሲንጀር ያለው አንባቢ ታሪኳን በከፊል ራሱ ሊያነበው ይችላል። ከብረቱ ላይ ፊደልና ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ ኩባንያው ከቁጥሩ በፊት የላቲን ፊደል ያስቀድም ነበር። ኤፍ ወይም ዋይ የሚል ካለባት በስኮትላንድ ክላይድባንክ ከተማ በ1885 ተከፍቶ በ1980 ከተዘጋው ፋብሪካ የወጣች ናት፤ ጂ ከሆነ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ የተሠራች ናት። በቁጥሩም ዓመቷ ይታወቃል።

ቀዳዳው ለምን አስቸገረ

የጥንቷ ሲንጀር አንድ ነገር ብቻ ታውቃለች፤ በቀጥታ ወደፊት መሄድ። መርፌዋ ሽቅብ ቁልቁል እንጂ ግራ ቀኝ አትልም። ከሥር ያሉት የብረት ጥርሶች ጨርቁን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይገፋሉ። ለሱሪ ጎን፣ ለቀሚስ ዘርፍ፣ ለከረጢት ይህ ይበቃል። ለቁልፍ ቀዳዳ ግን አይበቃም።

የእጅ ሥራውን ደረጃ በደረጃ ብንመለከት ምክንያቱ ግልጽ ይሆናል። ሰፊው በመጀመሪያ ቁልፉን ይለካል፤ የቀዳዳው ርዝመት የቁልፉ ስፋት ብቻ ሳይሆን ውፍረቱም ይደመርበታል። ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ለሆነ የሸሚዝ ቁልፍ 14 ሚሊ ሜትር ይቀደዳል። ከዚያ በምላጭ ወይም በስለታም መቀስ ይቀዳል። የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይተረተር በስሱ ይዘመዘማል። ቀጥሎ ዋናው ሥራ ይመጣል። መርፌዋ ከቀዳዳው ውስጥ ገብታ ከጨርቁ ስትወጣ ክሩ ከጫፏ ሥር ይጠመጠማል፤ ሲሳብ በጠርዙ ላይ ትንሽ ቋጠሮ ይቀመጣል። ከእርሱ አጠገብ ሌላ፣ ከዚያ አጠገብ ሌላ፣ ዶቃ እንደተሰካ ተደርድረው ዙሪያውን ይሞላሉ። ቀዳዳው ቁልፉ ሲጎትተው እንዳይሰፋ ሁለቱ ጫፎች ላይ ክር ተጋድሞ ይታሰራል። የኮት ቀዳዳ ከሆነ ደግሞ የቁልፉ አንገት የሚያርፍበት ጫፍ ክብ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ የልብሱ የቁልፍ ቀዳዳ የበሩን የቁልፍ ቀዳዳ መስሎ ቁጭ ይላል።

ለአንዱ ቀዳዳ ፈጣን እጅ እንኳ ወደ 10 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ሸሚዝ በደረቱ፣ በኮሌታውና በእጅጌዎቹ ዘጠኝ ቀዳዳ ቢኖረው 90 ደቂቃ ይሆናል። ልብሱን በመኪና ለማገጣጠም ከሚፈጀው ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ይህ ቀላል አይደለም። መኪናዋ ያተረፈችውን ጊዜ ቀዳዳው መልሶ ይበላዋል ማለት ነው።

ፈጣሪዎች ይህን ያዩት ቀደም ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 ሐምፍሪ የተባለ የማሳቹሴትስ ሰው ለቁልፍ ቀዳዳ መኪና የፈጠራ መብት ተቀበለ። በ1881 ጆን ሪስ የሠራት የተሻለች መኪና በፋብሪካዎች ዘንድ ተስፋፋች። እነዚህ ግን ቀዳዳ ከመሥራት በቀር ሌላ የማያውቁ፣ ለፋብሪካ የተሠሩ ውድ መኪናዎች ነበሩ። በረንዳ ላይ ለተቀመጠው ሰፊ ወይም በቤቷ ለምትሰፋው ሴት አልተሠሩም።

ለቤት መኪና መፍትሔው በሁለት መንገድ መጣ። አንደኛው መርፌዋን ትቶ ጨርቁን ማወዛወዝ ነው። በመኪናዋ እግር ምትክ የሚታሰር አንድ ትንሽ የብረት ሣጥን ተሠራ። በውስጡ ያለው ጥርስ ያለው ቅርጽ ሲዞር ጨርቁን ይዞ ግራ ቀኝ ያመላልሰዋል፤ መርፌዋ እንደ ልማዷ ባለችበት ትወጋለች። አሮጌይቱ ሲንጀር ሳትለወጥ አዲስ ሥራ ሠራች። ሁለተኛው መንገድ መርፌዋን ራሷን ማወዛወዝ ነው። ሔለን ብላንቻርድ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1873 ለእንዲህ ያለው የዚግዛግ ስፌት የፈጠራ መብት አግኝታለች፤ ወደ ቤት መኪና የገባው ግን ፋፍ፣ ኔኪና በርኒና በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ባወጧቸው መኪናዎች ነው። በዚግዛጉ መኪና ሰፊው የቀዳዳውን ግራ ጎን በጥቅጥቅ ስፌት ይወርዳል፤ ጫፉን ያስራል፤ ቀኝ ጎኑን ይመለሳል፤ ሌላውን ጫፍ ያስራል። ኋላ ላይ የመጡት ደግሞ ቁልፉን ራሱን በእግሯ ጀርባ ላይ አስቀምጠውላቸው ልኩን ራሳቸው አውቀው አራቱንም በአንድ ረገጣ ይጨርሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። በእጅ ሲሠራ መጀመሪያ ይቀደዳል፤ ከዚያ ይሰፋል። በቤት መኪና ሲሠራ መጀመሪያ ይሰፋል፤ ከዚያ ይቀደዳል። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ከተሰፋ በኋላ ስለሚቀደድ የተቆረጠው የጨርቁ ጠርዝ በስፌቱ ውስጥ አይሸፈንም፤ ከጊዜ በኋላ ፀጉር ያወጣል። ምላጩ ጥቂት ከሳተ ደግሞ ያለቀ ልብስ ይበላሻል። ጠንቃቃ ሰፊዎች ምላጩ አልፎ እንዳይሄድ ከቀዳዳው ጫፍ ላይ አግድም ስፒል የሚሰኩት፣ አስቀድመውም በብጣሽ ጨርቅ የሚሞክሩት ስለዚህ ነው። ስስ ጨርቅ ከሆነ ከሥሩ ጠንከር ያለ ገበር ካልገባ ስፌቱ ይጨማደዳል።

ቀዳዳው የማን ሥራ ነበር

በ20ኛው መቶ ዓመት የቁልፍ ፈላጊው በዛ። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በቤልጅግ መኮንኖች የሠለጠነው የክብር ዘበኛ ልብሱ ባለ ቁልፍ ነው። ከነጻነት በኋላ ጦሩ፣ ፖሊሱ፣ ቢሮው፣ ተማሪ ቤቱ ካኪና ሸሚዝ ለበሰ። ስፌት በትምህርት ቤትም ገባ፤ በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሴቶች ልጆችን ከቀለም ጋር የእጅ ሥራ አስተምሯል። በ1935 የተቋቋመው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ጦርነቱ ሲመጣ ለዘማቹ ፋሻና የጋዝ መከላከያ በማዘጋጀት ሠርቷል። መርፌ የጦር መሣሪያ የሆነችበት ጊዜ ነበር።

በተራው የልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ የሥራው ክፍፍል እንዲህ ነበር ማለት ይቻላል። ጌታው ይለካል፤ ይቆርጣል፤ መኪናዋ ላይ ይቀመጣል። ቁልፍ መትከልና ቀዳዳ መሥራት የተለማማጁ ልጅ ድርሻ ነው። ብዙ ሰፊ ሙያውን የጀመረው መኪና በመርገጥ ሳይሆን በጥግ ተቀምጦ ቀዳዳ በመዘምዘም ነው። ጣቱ ክር መመጠንን፣ ዐይኑ እኩል ማየትን፣ ልቡ መታገሥን የሚማረው በዚያ ነው። የወንድ ልብስ ቀዳዳው በግራ፣ የሴት በቀኝ እንደሆነም ያውቃል። ቀዳዳው የማያምር ልጅ ወደ መኪናዋ አይቀርብም።

ይህ ትምህርት ቤት ነበር፤ ግን ደመወዝ አልባ ወይም ጥቂት ሳንቲም የሚከፈልበት ትምህርት ቤት ነበር። መኪናዋ ያልወሰደችው ሥራ ወደ ደካማው እጅ፣ ወደ ልጁና በቤቷ ወደምትሠራው ሴት ወረደ። ባለ መኪናው «ሰፋሁት» የሚለው ልብስ ከፊሉ ስማቸው የማይነሣ ሰዎች ሥራ ነው። የቀዳዳ ማውጫ መኪና ያላቸው ሱቆች በየከተማው ሲከፈቱና ሰፊው ልብሱን ወስዶ በቁጥር ከፍሎ ማሠራት ሲጀምር፣ የልጁ ድካም ቀረለት። ከድካሙ ጋር ግን ወደ ሙያው የሚገባበት በርም ጠበበ።

በደርግ ዘመን ፋብሪካዎች በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ በኋላ የእጅ ባለሙያዎች በማኅበር እንዲደራጁ ተደረገ። ልብስ ሰፊዎችም መኪናዎቻቸውን ይዘው ገቡ። እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ ገበያው ሲለቀቅ ደግሞ ሌላ ተወዳዳሪ መጣ፤ ሳልባጅ። በሕግ የተከለከለ ቢሆንም በየድንበሩ እየገባ በየገበያው መሬት ላይ ተከመረ። ሳልባጅ ሸሚዝ ቀዳዳው ተሠርቶ፣ ቁልፉ ተተክሎ፣ በአንዲት ሸሚዝ ቀዳዳዎች ዋጋ የሚሸጥበት ቀን ነበር። ገበያተኛው ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋቱን ተወ፤ ሰፊው ከመስፋት ወደ ማጥበብ፣ ከማጥበብ ወደ መጥቀም ተመለሰ። የሰውየው መኪና ከዱሮዎቹ ግሦች ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እየሠራች ኖረች።

40 ኪሎ ሜትር ሽቅብ

ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ሽቅብ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ከእርሱ በፊት በ2016 የሐዋሳው ተመርቋል። በእንዲህ ያሉ የልብስ ፋብሪካዎች ውስጥ የቀዳዳ መኪናዋ አንዱን ቀዳዳ በጥቂት ሰኮንድ ሰፍታ፣ ራሷ ቀድዳ ትጨርሰዋለች። ከፊቷ የተቀመጠችው ወጣት ሴት ቀኑን ሙሉ ቀዳዳ ብቻ ትሠራለች፤ ሸሚዙ ሲያልቅ አታየውም። የአሊዩ አምባ ተለማማጅ ቀዳዳ የሚሠራው ነገ ሙሉውን ልብስ ለመስፋት ነበር። የፋብሪካዋ ሠራተኛ ነገም ቀዳዳ ነው የሚጠብቃት።

ያም ሥራ ቢሆን በሩቅ አገር ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ታላላቅ የሸሚዝ ስሞችን የያዘው የአሜሪካው ፒቪኤች በኅዳር 2021 የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘጋ። ከጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል አስወጣች። የሥራ ትእዛዝ ቀነሰ፤ ዳፋው ለሰፊዎቹ ተረፈ። በ1840ዎቹ አቡጀዲ ከማሳቹሴትስ ወጥቶ በታጁራ በር የሚገባበትን ዋጋ የይፋት ሸማኔ አይወስንም ነበር። በእኛ ዘመን ሸሚዙ ወደ አሜሪካ የሚሄድበትን ዋጋ የደብረ ብርሃንም የሐዋሳም ሰፊ አይወስንም። ዕቃው አቅጣጫውን ቀየረ እንጂ ሚዛኑ ያለው ከቀድሞው ቦታ ነው።

መኪናዋን ግን መውቀስ አይገባም። በየመንደሩ ባሏ የሞተባትን ሴት አኑራለች፤ ልጅ አስተምራለች፤ የሚናቀውን የእጅ ሙያ ወደ አደባባይ አውጥታለች። ቲሞኒዬን የሰበሩበት ሰፊዎች የፈሩት ብረቱን አልነበረም፤ ብረቱ የማን እንደሆነ ነበር። መኪናዋ የሰፊው በነበረችበት በረንዳ ላይ ሰውየውን አከበረችው። የሌላ ሰው በሆነችበት አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የሰፊዋ ኑሮ በሌላ ሰው ቃል ይወሰናል።

አንባቢ የለበሰውን ሸሚዝ አንድ ጊዜ ገልበጥ አድርጎ ቀዳዳውን ቢመለከት ይህን ሁሉ ታሪክ ያገኘዋል። ከጠርዙ የተቆረጠ ክር ፀጉር መስሎ ከወጣ፣ ስፌቱም ግራና ቀኝ እኩል ከተመላለሰ የመኪና ነው፤ ተሰፍቶ የተቀደደ ነው። ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ቋጠሮዎች ከተደረደሩ፣ አንዱም ከሌላው ፍጹም እኩል ካልሆነ ደግሞ የእጅ ነው፤ ተቀድዶ የተሰፋ ነው። እንዲህ ያለው በሳጥን ግርጌ ተጣጥፎ የሚቀመጥ የአያት ኮት ላይ ካልሆነ በቀር እየጠፋ ነው። የተገኘ እንደሆነ ግን ኮቱን የሰፋው ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ቀዳዳውን ያወጣው ማን እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው።